ሴካፋን ወደ ቤቱ መልሱልን፦ ከቦሌ አራብሳ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ የምስራቅና የመካከለኛው አፍሪካን የእግር ኳስ ውድድር ለሚመራው ለሴካፋ ጽሕፈት ቤት፣ እንዲሁም ኳስ ለሚወድ ሁሉ

እንደምን ከረማችሁ። እኔ በስራዬ የቧንቧ ባለሙያ ነኝ፣ ከስራ መልስ እና ቅዳሜ ጠዋት ግን እዚህ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የሰፈር ልጆች ኳስ አሰለጥናለሁ። ፕሮጀክት ነው የምንለው፣ በጀትም ማህተምም የለውም፣ 40 ምናምን ልጆች አሉን፣ ከነሱ 14ቱ ሴቶች ናቸው፣ 6 ኳስ አለን፣ ሁለቱ አየር አይዙም። ይሄን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ የ12 አመት ልጅ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የለበስኩት ቲሸርት ላይ ያለውን ጽሁፍ አንብቦ "ኮች፣ ሴካፋ ምንድነው?" አለኝ። ቲሸርቱን የገዛሁት በ2008 ስታዲየም በር ላይ ከሚያዞሩ ልጆች ነው፣ ቀለሙ ለቋል ግን ጽሁፉ ይነበባል። ልጁ ኳስ የማያውቅ ቢሆን አይገርመኝም ነበር፣ ይሄ ልጅ እኮ የአርሰናልን ተቀያሪ ወንበር ሳይቀር በቃሉ የሚያውቅ ነው፣ ማን ተጎዳ ማን ተመለሰ የሚለውን ከኔ በፊት ይሰማል፣ ሴካፋ የሚለውን ቃል ግን በህይወቱ ሰምቶት አያውቅም። ሌሎቹን ጠየቅኳቸው፣ ከተሰበሰቡት ውስጥ አንድ ብቻ "የአፍሪካ ዋንጫ ነው?" አለኝ፣ ሌላው ዝም።

ያን ቀን ልምምዱን ትተን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ስለ ሴካፋ አወራኋቸው። አንድ ሰአት ሙሉ ሳይንቀሳቀሱ ሰሙኝ። ማታ ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ምክንያቱም ያወራሁላቸው በሙሉ የድሮ ታሪክ ነው፣ "ቀጣዩስ መቼ ነው?" ሲሉኝ የምላቸው አጣሁ።

እኔ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው፣ እዚህ የመጣሁት ኮንዶሚኒየም እጣ ወጥቶልን ነው። በ1980 ሴካፋ እዚህ አዲስ አበባ ሲደረግ የ9 አመት ልጅ ነበርኩ። ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው፣ የፍፃሜው ቀን ሰው ከሳሎኑ አልፎ በረንዳው ላይ፣ ከበረንዳው አልፎ ግቢው ውስጥ ነበር፣ እኔ በመስኮት ነው ያየሁት፣ ማየት እንኳን አይባልም፣ የሰው ጀርባ እያየሁ ድምፁን ነው የሰማሁት፣ ጨዋታውን የሚያስተላልፈውን የጋዜጠኛ ደምሴ ዳምጤን ድምፅ። የዛ ጊዜ ሰው የሆነ ሁሉ ያን ድምፅ ያውቀዋል። ያኔ ዚምባብዌም በዚሁ ዞን ነበር የምትጫወተው፣ በፍፃሜው ከሷ ጋር 1 ለ 1 አለቀና ወደ ሪጎሬ፣ ወደ ፍፁም ቅጣት ምት ማለት ነው፣ ተሄደ፣ 5 ለ 4 አሸነፍን። ከዛ በኋላ የሆነውን እንዴት ብዬ እንደምገልጸው አላውቅም፣ እናቴ ኳስ አይታ የማታውቅ ሴት ነበረች፣ ነጠላዋን አደግድጋ ከሴቶቹ ጋር እልል እያለች ወደ አስፋልቱ ስትወጣ ትዝ ይለኛል፣ እኔም ጫማዬን እዛው ቤት ጥዬ በባዶ እግሬ ተከትያት ወጣሁ። ጊዜው እንዴት ያለ ጊዜ እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጦርነት ነው፣ ችግር ነው፣ ብዙ ቤት ውስጥ የዘመተ ልጅ አለ። ያን ቀን ግን ጎረቤት ከጎረቤት ሲሳሳም አየሁ። ኳስ የያዘኝ ያን ቀን ነው፣ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ለልጆቹ የነገርኳቸውን ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ፣ ግን ደብዳቤው ለህዝብም ስለሆነ ትንሽ ልበል። ይሄ ውድድር ከአፍሪካ ዋንጫም ይበልጣል በእድሜ። በፈረንጆቹ 1926 ኬንያና ኡጋንዳ ጎሴጅ ካፕ ብለው ጀመሩት፣ ጎሴጅ የሳሙና ፋብሪካ ስም ነው፣ ዋንጫውን የሰጠው እሱ ስለሆነ ነው። ከዛ እነ ታንዛኒያና ዛንዚባር ገቡበት፣ በፈረንጆቹ ከ1973 ጀምሮ ደግሞ ሴካፋ ተብሎ የምስራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ሆነ። ኡጋንዳ 15 ጊዜ ወስዳዋለች፣ ኬንያ 7 ጊዜ። እኛ 4 ጊዜ። የ1980ውን ነግሬያችኋለሁ፣ በኛ አቆጣጠር በ1994 ኪጋሊ ላይ ኬንያን 2 ለ 1፣ በ1997 እዚሁ በቤታችን ቡሩንዲን 3 ለ 0፣ በ1998 እንደገና ኪጋሊ ሄደን ባለሜዳዋን ሩዋንዳን 1 ለ 0። ሁለት አመት በተከታታይ ሻምፒዮን የሆንን ሰዎች ነን እኮ። ልጆቹ ይሄን ስነግራቸው "እውነት?" ነው ያሉኝ፣ አንዱ ደግሞ "ኮች እየሸወድከን ነው" አለኝ፣ ስልኬ ላይ ፈልጌ እስካሳየው ድረስ አላመነኝም። የ12 አመት ኢትዮጵያዊ ልጅ ሀገሩ ዋንጫ በልታ ታውቃለች ሲባል ውሸት መሰለው፣ ይሄ ነገር አላሳዘናችሁም? እኔን በጣም ነው ያሳዘነኝ።

የ1997ቱን ፍፃሜ ስታዲየም ውስጥ ሚስማር ተራ በሚባለው ርካሹ ቦታ ቆሜ ነው ያየሁት። ጠዋት ነው የገባነው፣ ዳቦ በፌስታል ይዘን፣ ከኔ ጎን የማላውቃቸው ሽማግሌ ነበሩ፣ ሶስተኛው ጎል ሲገባ ባርኔጣቸውን ወርውረውት ጠፋባቸው፣ ለሳምንት ያህል ድምፅ አልነበረኝም፣ ስራ ቦታ ሰው ሲያናግረኝ በእጄ ነበር የምመልሰው። በ1999 ደግሞ እዚሁ ተደርጎ ዛምቢያ በእንግድነት መጥታ በፍፃሜው ሱዳንን በፍፁም ቅጣት ምት አሸነፈች፣ እንግዳ ስለሆነች ግን ዋንጫው ለሱዳን ተመዘገበ፣ ይሄንን ስነግራቸው ልጆቹ በጣም ተከራከሩ፣ ልክ ነው ልክ አይደለም እያሉ ሁለት ቦታ ተከፈሉ።

ከዛ 2008 መጣ። አዲስ አበባ፣ ሀዋሳ እና ባህር ዳር ነበር ጨዋታዎቹ። መክፈቻውን በሩዋንዳ 1 ለ 0 ተሸነፍን፣ ቀስ እያልን ግን ተነሳን፣ ታንዛኒያን በፍፁም ቅጣት ምት ጥለን ግማሽ ፍፃሜ ገባን፣ እዛ ደግሞ ኡጋንዳ በዛው በፍፁም ቅጣት ምት ጣለችን። ሶስተኛ ሆነን ጨረስን። ዋንጫውን ኡጋንዳ ሩዋንዳን 1 ለ 0 አሸንፋ ወሰደች። እኔ ያኔ እዚህ አራብሳ አካባቢ ገና ቤቱ አልቆ አልተሰጠንም ነበር፣ ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ነው የሄድኩት፣ 4 አመቷ ነበር። ዛሬ 14 አልፏታል፣ ቡድናችን ውስጥ በግራ መስመር ተከላካይ ናት፣ ከዛ ወዲህ ግን ዋናው ብሄራዊ ቡድናችን በሴካፋ ሲጫወት እዚህ ሀገር አይታ አታውቅም። አንድ ልጅ ከትከሻ ወርዳ፣ አድጋ፣ ታኬታ አድርጋ መጫወት እስክትጀምር ድረስ ማለት ነው።

በ2012 ደግሞ ውድድሩ ካምፓላ ነበር፣ 9 ቡድን ገብቶ እኛ የለንበትም። ኤርትራ ፍፃሜ ደርሳ በኡጋንዳ 3 ለ 0 ተሸነፈች። እዛ ሜዳ ላይ ሶማሊያ አለች፣ ጅቡቲ አለች፣ ዛንዚባር አለች፣ እኛ የለንም። ለምን እንዳልሄድን ለመውቀስ አይደለም ይሄን የማነሳው፣ ችግር ይኖራል፣ ገንዘብ ይኖራል፣ እኔ ለ40 ልጅ ውሃ መግዛት ሲያቅተኝ የሀገር ቡድን ወጪ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አይከብደኝም። የማነሳው አለመሄድ የሚያስከፍለውን ዋጋ ስለማውቅ ነው። በዛ አመት ሊጫወት የሚችል የ19 እና የ20 አመት ልጅ ነበር፣ ያ ልጅ ያን እድል ድጋሚ አያገኘውም።

ዋና ሀሳቤ እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው ሴካፋን ይንቀዋል፣ "ትንሽ ዋንጫ ነው፣ ማጣሪያ አይደለም፣ ነጥብ የለውም" ይላል። እኔ ግን እላለሁ፣ ለተጫዋች ትልቅ የሚባለው ነገር የዋንጫው ስም ሳይሆን የሚጫወተው የጨዋታ ብዛት ነው። ሴካፋ ላይ የገባ ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስት ስድስት ጨዋታ ያደርጋል፣ ሰኞ ከታንዛኒያ፣ ሀሙስ ከሩዋንዳ፣ እሁድ ከኡጋንዳ፣ የተለያየ አጨዋወት ያያል፣ ከሰው ሀገር ዳኛ ጋር ይለምዳል፣ ሆቴል ውስጥ ከቡድን ጋር መኖር ይማራል፣ ፍፁም ቅጣት ምት ቆሞ መምታትን ይማራል። ይሄ በልምምድ አይገኝም። ተጫዋች እንደ ጠላ ነው፣ ጊዜውን ጠብቆ ካልበሰለ በግድ አይበስልም። የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ላይ አሰልጣኝ ያልተፈተነ ልጅ ማስገባት ይፈራል፣ ልክም ነው፣ አንድ ጨዋታ መሸነፍ ብዙ ያስከፍላል፣ ሴካፋ ላይ ግን ከከፍተኛ ሊግ፣ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ካለው፣ የመጣ ማንም የማያውቀውን ልጅ አስገብቶ ማየት ይችላል። በ2005 ከ31 አመት በኋላ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ ሀገር እንዴት እንደሆነ ታስታውሳላችሁ፣ እዛ መድረስ የሚቻለው ከታች የሚወጡበት ደረጃ ካለ ነው፣ ለኛ ዞን ደግሞ ከሴካፋ ሌላ ደረጃ የለም።

ዛንዚባርን ተመልከቷቸው። ደሴት ናት፣ የፊፋ አባል እንኳን አይደለችም፣ ግን ሴካፋ በራሷ ስም ያጫውታታል፣ በ1995 በፈረንጆቹ ዋንጫ በልታለች፣ በ2017ቱም ፍፃሜ ድረስ ሄዳ በኬንያ በፍፁም ቅጣት ምት ነው የተሸነፈችው። የዛንዚባር ልጅ ሀገሩን ወክሎ የሚጫወትበት ትልቁ መድረክ ይሄ ነው፣ ስለዚህ አይንቀውም፣ ሞቶ ነው የሚጫወተው። እኛም እንደነሱ ብናየው ብዬ ነው።

አሁን ስለ ሜዳ ላንሳ። ሰኔ 2014 ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ሲያገቡ፣ "በሜዳችን" ተብሎ የተጻፈው ጨዋታ የተደረገው ማላዊ ሊሎንግዌ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ ስታዲየሞቻችንን ስላገደ። እኛ እዚህ ዲኤስቲቪ ቤት ነው ያየነው፣ ቤቱ ሞልቶ ሰው ተደራርቦ፣ ጎሉ ሲገባ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው የሚነቃነቀው፣ በጣም ደስ ብሎን ነበር፣ ጨዋታው አልቆ ስንወጣ ግን አንዱ ልጅ "ግን ለምን እዛ ሆነ?" አለኝ። በ1954 ጥር ላይ ያን ግብፅን አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ 4 ለ 2 አሸንፈን፣ እነ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ እነ ኢታሎ፣ እነ መንግስቱ ወርቁ የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሱ እጅ የተቀበሉባት ከተማ ናት ይቺ። ይድነቃቸው ተሰማን ለካፍ ፕሬዝዳንትነት የሰጠች ሀገር ናት። ልጁ ለምን አይጠይቅ?

የሜዳ ነገር ከላይ ብቻ አይደለም፣ እኛም ጋ እንደዛው ነው። እኛ የምንጫወትበት በሁለት ብሎኮች መሃል ያለ ባዶ ቦታ ነው፣ ጎላችን ድንጋይ ነው፣ ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ። ድሮ ከዚህ የተሻለ፣ ሰፊ፣ ልጆቹ ራሳቸው ድንጋዩን ለቅመው ያስተካከሉት ሜዳ ነበረን፣ አንድ ቀን ስንመጣ በቆርቆሮ ታጥሮ አገኘነው። ማን እንዳጠረው ለመናገር አይደለም የጻፍኩት፣ ግንባታም ያስፈልጋል፣ ቤትም ያስፈልጋል። ልጆቹ ግን ቆርቆሮው ጋ ቆመው በቀዳዳ ወደ ውስጥ ሲያዩ ስላየኋቸው ነው፣ ያ ከአይኔ አይጠፋም።

ከሁሉም በላይ ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን የ2016ቱን ነሐሴ ነው። የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ የሴካፋ ማጣሪያ እዚህ አዲስ አበባ ሆነ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም። የንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን ከዛ በፊት ሶስት አመት በተከታታይ ሞክሮ ሶስቱንም ዋንጫውን አጥቷል፣ መጀመሪያ ኬንያ ላይ ፍፃሜው ላይ በቪሂጋ ኩዊንስ፣ ቀጥሎ ታንዛኒያ ላይ ግማሽ ፍፃሜው ላይ፣ ሶስተኛው ኡጋንዳ ላይ ፍፃሜው ላይ በጄኬቲ ኩዊንስ በፍፁም ቅጣት ምት። ሶስት አመት እዛ በር ድረስ ደርሶ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አራተኛው በቤታቸው መጣ።

ሴቶቹን ልጆች ልወስዳቸው ወሰንኩ። ያኔ 11 ነበሩ። የሰፈር ሰው እንዳይቀየመኝ እያንዳንዷ ቤት ሄጄ ወላጆቻቸውን አስፈቀድኩ፣ የአንዷ እናት "ሴት ልጅ ስታዲየም ምን ትሰራለች ወንድሜ?" አሉኝ፣ በክፋት አይደለም፣ ስለሚፈሩ ነው፣ እኔም "እትዬ፣ የሚጫወቱትም እኮ ሴቶች ናቸው" አልኳቸው፣ ትንሽ አሰቡና "እንግዲያው እኔም እመጣለሁ" ብለው አብረውን መጡ። ከአራብሳ እስከ መገናኛ በሃይገር፣ ከመገናኛ ደግሞ ሌላ ታክሲ፣ ከከተማው አንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ማለት ነው፣ ዝናብ ነው፣ አንዷ ልጅ መኪና ውስጥ አስመለሳት፣ ሌላዋ ዳቦዋን ሰጠቻት። ከነዚህ ልጆች ውስጥ ከኔ ልጅ በቀር ስታዲየም ገብታ የምታውቅ አንድም አልነበረችም። ስንገባ ዝም አሉ። ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ሲያዩት ዝም። ከዛ ንግድ ባንኮች ለማሟሟቅ ወጡ፣ እና በረኛችን፣ 13 አመቷ ነበር ያኔ፣ የንግድ ባንክን በረኛ ብቻ ነው ያየችው፣ ጨዋታውን አላየችም ብል ይሻላል፣ 90ውንም ደቂቃ በረኛዋን ነው ያየችው፣ እንዴት እንደምትቆም፣ እንዴት ተከላካዮቿን እንደምትጮህባቸው። ኬንያ ፖሊስ ቡሌትስ ጠንካራ ቡድን ነው፣ ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ ግን ዋንጫውን አነሱት። ከሶስት አመት ሽንፈት በኋላ፣ በገዛ ከተማቸው። እኒያ እናት፣ "ሴት ልጅ ስታዲየም ምን ትሰራለች" ያሉኝ፣ ነጠላቸውን እያውለበለቡ እልል ሲሉ ሳይ እናቴ መጣችብኝ። የ1980ዋ እናቴ።

በማግስቱ ልምምድ ስመጣ በረኛችን ከኔ ቀድማ መጥታለች፣ ሁለት ድንጋይ አስቀምጣ ለብቻዋ ግራ ቀኝ እየተወረወረች ነበር፣ ጭቃ ላይ። "ማን ላከሽ?" አልኳት። "ማንም" አለች። ከዛ ቀን ጀምሮ ተከላካዮቹን ትጮህባቸዋለች፣ ድሮ ድምፅ የሌላት ልጅ ነበረች። ልምምድ ስትቀር አይቻት አላውቅም። እኔ ሶስት አመት ሙሉ "በረኛ መናገር አለበት" እያልኩ ያላመጣሁትን ለውጥ አንድ የሴካፋ ጨዋታ አመጣው። ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ ማልታ ድረስ ሄዳ የተጫወተች ናት፣ የኛም ልጆች ከአራብሳ ተነስተው የማይሄዱበት ምክንያት የለም፣ ግን መጀመሪያ ማየት አለባቸው። ያላየውን ነገር የሚመኝ ልጅ የለም።

ስለዚህ ልመናዬ ምን መሰላችሁ፣ የወንዶቹን ዋናውን ሴካፋ እንደ 1980፣ እንደ 1997፣ እንደ 2008 ወደዚህ ሀገር ለማምጣት ጠይቁ፣ ለሴካፋ ጽሕፈት ቤትም እላለሁ፣ ዋናው የወንዶች ዋንጫ አመት ጠብቆ እንዲካሄድ አድርጉት፣ አንዴ ተደርጎ ለአመታት ሲጠፋ ልጅ እንዴት አድርጎ ይወደው፣ ገና አባል የሆኑት 12 ሀገሮች ናቸው፣ ጎረቤቶች ነን፣ እዛ ጋ ደግሞ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ቻንን፣ በሀገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች የሚሳተፉበትን የአፍሪካ ውድድር፣ አብረው አዘጋጅተዋል፣ በፈረንጆቹ የ2027ቱን አፍሪካ ዋንጫም አብረው ሊያዘጋጁ ነው፣ ዞናችን ማዘጋጀት እንደሚችል አሳይተዋል። እኛም ሴካፋን ብናዘጋጅ አንድ ቀን የአፍሪካ ዋንጫ ለማዘጋጀት መለማመጃ ይሆነናል፣ በጎ ፈቃደኛውም፣ ትኬት ሻጩም፣ አስተናባሪውም፣ ቴሌቪዥኑም።

ሲመጣ ደግሞ እባካችሁ ለኛ ለዳር ሰፈር ልጆች አስቡልን። አራብሳ ብቻ አይደለም፣ ኮዬ ፈጬ አለ፣ ቱሉ ዲምቱ አለ፣ የካ አባዶ አለ፣ ለገጣፎ አለ፣ ብዙ የከተማው ልጅ አሁን ያለው እዚህ ነው እኮ፣ ቤተሰቡ መሃል ከተማ አይደለም። ስታዲየም ደግሞ ለኛ ሩቅ ነው፣ የሁለት ታክሲ መንገድ ነው፣ ማታ ጨዋታ ከሆነ መመለሻ የለም። ጨዋታ ወደዚህ ይምጣ አልልም፣ ሜዳ እንደሌለ አውቃለሁ፣ ግን አንድ የኡጋንዳ ወይም የሩዋንዳ ቡድን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ልምምዱን እዚህ ዳር አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ቢያደርግ እና ልጆቹ በሽቦው ተጠግተው ቢያዩ። ወይም ብዙ ተመልካች የማይገባባቸውን የምድብ ጨዋታዎች፣ ጅቡቲ ከሶማሊያ ሲጫወቱ ለምሳሌ፣ ለፕሮጀክት ልጆች በነፃ ብትከፍቱት፣ ባዶ ወንበር ከሚሆን። እኔ ልጆቹን ይዤ ለመምጣት ቃል እገባለሁ፣ ስም ዝርዝር ከእድሜያቸው ጋር አዘጋጅቼ እልካለሁ።

እድሜ ስል ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። የልጆቼን እድሜ በደብተር ነው የምይዘው፣ ከክትባት ካርዳቸው ላይ አይቼ፣ እውነተኛውን። ኤምአርአይ የሚባለው ምርመራ ከመጣ ወዲህ ከ17 አመት በታች ውድድር ላይ በሀሰት እድሜ መግባት ልጁንም ሀገሩንም ነው የሚያዋርደው፣ እና ይሄ የሚስተካከለው ካምፓላ ወይም ዳሬሰላም ሄዶ ማሽን ውስጥ ሲገባ ሳይሆን እዚህ እኛ ጋ 9 አመቱ ሆኖ ሲመዘገብ ነው። በየሰፈሩ እንደኔ የሚያሰለጥኑ ብዙ ሰዎች አሉ፣ ደመወዝ የሌላቸው። አንድ የመዝገብ ፎርም አዘጋጅታችሁ ብትሰጡን እኛ እንሞላላችኋለን፣ ገንዘብ አንጠይቅም።

አንድ የመጨረሻ ነገር አለኝ። በ1980፣ በ1994፣ በ1997 እና በ1998 ዋንጫውን ያመጡ ተጫዋቾች ውስጥ ዛሬም በህይወት ያሉ አሉ፣ እዚሁ ከተማ አብረውን የሚኖሩም አሉ። የአንዱን ስም ለልጆቼ ስጠራ ማንንም አላወቁም። እነዚህን ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት ላይ ወደ ሰፈር ሜዳዎች ላኳቸው፣ ንግግር አያስፈልግም፣ መጥተው አንድ ኳስ ቢመቱ፣ ዋንጫውን ሲያነሱ የተነሱትን ፎቶ ቢያሳዩ ይበቃል። ሜዳሊያውን ያስቀመጠ ካለ ደግሞ ልጆቹ አንዴ ይንኩት።

እኛ ያለነው ቦሌ አራብሳ ነው፣ ማክሰኞና ሀሙስ ከ11 ሰአት በኋላ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰአት ጀምሮ። ታክሲ ማዞሪያው ጋ ወርዳችሁ "ኳስ የሚሰለጥኑት ልጆች" ብላችሁ ብትጠይቁ ሱቅ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያሳያችኋል። ያ የ12 አመት ልጅ ትላንትም ጠይቆኛል። "ኮች፣ ቀጣዩ ሴካፋ መቼ ነው ያልከን?" አለኝ። "ደብዳቤ ጽፌ እጠይቅልሃለሁ" ብዬዋለሁ፣ ቀኑን ብቻ ጻፉልኝ፣ ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የሰፈር ልጆች አሰልጣኝ፣ ቦሌ አራብሳ